ካፊያ እንጂ ጉም አንፈልግም

በመጽሔታችን ላይ የሚወጡትን ጽሑፎች ሳነብ አብዛኞቹ ስለ ትልልቅ ነገር ናቸው፤ ስለ ሲኤንሲ፣ ስለ ሮቦት፣ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ። ጥሩ ነው፣ ማንበቡ አይከፋም። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ክዳኑ በሚስማር ስለተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው።

ጠርሙሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሌዝ ማሽን ላይ የቆመ ተማሪ በግራ እጁ ይይዘዋል። ብረቱ ሲግልና ቱሉ መጮህ ሲጀምር ጨመቅ ያደርገዋል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ጭስ ቡን ይላል፤ ከዚያ እንደገና እስኪግል ይጠበቃል። ለመሆኑ የማሽኑ የራሱ የኩላንት ፓምፕ የት ሄደ? እኔ ባየኋቸው ወርክሾፖች ሁሉ መልሱ ተመሳሳይ ነው። የአንዱ ሞተር ተቃጥሏል፣ የሌላው ማጠራቀሚያ በፍቅፋቂ ተደፍኗል፣ ሦስተኛው ደህና ነው ግን የሚቀዳለት ዘይት የለም። የጠረጴዛ ድሪሎቹማ ሲሠሩም ማጠራቀሚያ አልነበራቸው።

ባለፈው ዓመት ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ወርክሾፕ፣ ስሙ ይቅርና፣ አብሮኝ የነበረ ልጅ በዚሁ ጠርሙስ ጣጣ ውስጥ ገባ። በደቂቃ 500 ዙር በሚሽከረከር ቸክ ላይ ጎንበስ ብሎ ውሃ ሲያፈስ የቱታው እጅጌ የቸኩን ጥርስ ነካው። እግዜር ሲያተርፈው ቱታው አሮጌ ነበርና እጅጌው ከትከሻው ተገንጥሎ ሄደ። እጁ አልተሰበረም፤ ሁለት ጣቱ ግን ተሰፋ። የክፍሉ ኃላፊ ምን አለ መሰላችሁ? «ማን እጅህን አስገባ አለህ?» ልጁ ዝም አለ። ምን ይበል? ጠርሙሱን ያቀበለው ራሱ ኃላፊው ነው።

የኔ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። ዲፓርትመንታችን በራሱ ተማሪዎች እጅ፣ በከተማችን ገበያ ከሚገኝ ተራ ዕቃ፣ በአየር ግፊት የሚሠራ የኩላንት መርጫ አሠርቶ በየማሽኑ ላይ ማሰር አለበት። ይህን ስል ሁለት ዓይነት ሰው ፊቴ ይቆማል። አንደኛው «ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ፓምፑ ይጠገን» የሚለው ነው። ሁለተኛው ጭራሽ አይቃወመኝም፤ ደስ ብሎት ይቀበለኝና ኮምፕሬሰሩን እስከ ጥግ ከፍቶ ወርክሾፑን ጉም ያለብሰዋል። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛውን እፈራዋለሁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ውሃና ብረት የመቁረጥ ሥራ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር ሚድቬል በሚባል የብረት ፋብሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ፍቅፋቂው ከብረቱ በሚላቀቅበት ቦታ ላይ ብዙ ውሃ ሲፈስ የመቁረጫውን ፍጥነት ከ30 እስከ 40 በመቶ መጨመር እንደሚቻል አየ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1907 በታተመው ስለ ብረት መቁረጥ በጻፈው ሰፊ ጥናት ውስጥ አስፍሮታል። በክፍል ውስጥ የምንሸመድደው የቱል ዕድሜ ቀመር የእሱ ነው። ቀመሩን ለፈተና ብቻ አጥንተን እንተወዋለን እንጂ የሚናገረው ነገር አስደንጋጭ ነው። ለኤች.ኤስ.ኤስ ቱል በተለምዶ የሚወሰደውን 0.125 ተጠቅመን ብናሰላ፣ ፍጥነቱን በ10 በመቶ ብቻ መቀነስ የቱሉን ዕድሜ ከእጥፍ በላይ ያሳድገዋል። ማለትም በቱሉ አፍ ላይ ያለች ትንሽ የሙቀት ልዩነት ብዙ ታመጣለች። ኤች.ኤስ.ኤስ እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ጥንካሬውን ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ይለሰልሳል። ያኔ ግራይንደር ላይ ወረፋ እንይዛለን።

ለነገሩ የእኛ ሀገር ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ክረምት ሲገባ ማረሻውን ይዞ የሚሄደው ገበሬ፣ ቀጥቃጩ የጋለውን ብረት ውሃ ሲያጠጣው ስንት ጊዜ አይቷል? ጫፉን ነከር አድርጎ አውጥቶ ቀለሙ ሲሄድ እያየ መቼ እንደገና እንደሚነክረው የሚያውቀው ያ ሰው፣ እኛ በሰንጠረዥ የምናነበውን በዓይኑ ያነባል። (ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖትም ስድቡ በየመንደሩ አልጠፋም። ይህ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) ልዩነቱ ቀጥቃጩ ውሃ የሚያጠጣው ብረቱን ለማጠንከር ነው፤ እኛ ደግሞ ውሃ የምንፈልገው የተሰጠን ጥንካሬ እንዳይሄድብን ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልግባ፤ ምክንያቱም «ጠብታ ውሃ ምን ታመጣለች?» የሚለው ጥያቄ ከመምህራንም ጭምር ቀርቦልኛል። አንድ ሊትር ውሃ በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 125 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል። ያው አንድ ሊትር ሙሉ በሙሉ ቢተን ግን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ወደ 20 እጥፍ ማለት ነው። ፓምፕ የሚያደርገው የመጀመሪያውን ነው፤ ብዙ ውሃ ያፈሳል፣ ውሃው ሞቅ ይላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ርጭት የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው፤ ጥቂት ውሃ ይልካል፣ ውሃው እዚያው ተንኖ ይቀራል።

የተማሪ አቆራረጥ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ዋት ጉልበት እንበል። ከዚህ ሙቀት አብዛኛው፣ በግምት 80 በመቶው፣ ከፍቅፋቂው ጋር አብሮ ይሄዳል። ለቱሉና ለሥራው የሚቀረው 0.1 ኪሎ ዋት ነው፤ በሰዓት 360 ኪሎ ጁል። ይህን ለማትነን 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። አንድ ሲኒ ከግማሽ ቡና በሉት። በእርግጥ ጠብታው ሁሉ በቦታው አያርፍም፣ ያረፈውም ሁሉ አይተንም። ስለዚህ በእጥፍ እንውሰደው፤ ያም ሆኖ ከአንድ ትንሽ ሃይላንድ በታች ነው። ጥልቅ አድርጎ ለሚቆርጥ፣ ሁለትና ሦስት ኪሎ ዋት ለሚበላ ሥራ ግን ርጭት አይበቃም፤ እዚያ ላይ የፓምፑ ደጋፊዎች ልክ ናቸው።

ወደ አሠራሩ እንምጣ። ሦስት ተማሪዎች አዋጥተን ነው የጀመርነው። ከፍሪጅ ጠጋኝ አንድ ክንድ የምታህል የካፒላሪ ቱቦ ገዛን። ከጋራዥ 6 ሚሊ ሜትር የመዳብ ቱቦ፣ ከፋርማሲ አንድ የግሉኮስ ቱቦ። ሦስት አፍ ያላትን የነሐስ ማገናኛ ግን ከቁራጭ ዘንግ ራሳችን በሌዝ አወጣናት። ካፒላሪው በማገናኛዋ ውስጥ ቀጥ ብሎ አልፎ በመዳቡ ቱቦ መሐል ይሄዳል፤ ከኋላ በኩል በስታኞ ይዘጋል። አየሩ በጎን ይገባና በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ባለው ክፍተት ይወጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ከካፒላሪው አፍ ፈሳሹን እየሳበ ይበትነዋል። የመኪና ቀለም ቀቢው እስፕሬይም በዚሁ ብልሃት ነው የሚሠራው፤ ፊዚክስ መምህራችን ያስተማሩን በርኑሊ ማለት ይኸው ነው።

በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። የመጀመሪያ ቀን አየሩን ስንከፍት ከአፉ ምንም አልወጣም፤ ጠርሙሱ ግን እንደ ጠላ ጋን ይፈላ ጀመር። ለካስ አየሩ በካፒላሪው ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቫልቭ ስንቀያይር ቆየን። በመጨረሻ በከተማችን በቶርኖ ሥራ ጸጉራቸው የሸበተ አንድ ጋሼ ዘንድ ይዘነው ሄድን። መነጽራቸውን አድርገው ጫፉን አዩና፣

«ልጄ፣ ይሄን ቀጭኑን የት ነው ያቆምከው?»

«ውስጥ ነው ጋሼ፣ እንዳይጎዳ ብለን።»

«እንግዲህ አየሩ ገና ታፍኖ ባለበት ቦታ አፉን ከፍተህለት ወዴት ይሂድ? አውጣው ትንሽ። ወደ ውጭ ብቅ ይበል።»

አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ አደረግነው፤ ወዲያው ሠራ። የአየሩ ግፊት የሚወድቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። መጽሐፉም ይህንኑ ይል ነበር፤ እኛ ግን ቀመሩን እንጂ ቦታውን አላየንም። ጋሼ ገንዘብ አልተቀበሉንም፤ «ሲሠራ አምጥታችሁ አሳዩኝ» ብቻ አሉን።

የግሉኮሱ ቱቦ ከሁሉም የወደድኩት ክፍል ነው። ጠብታ የምትታይበት ብርጭቆ መሳይ አላት፣ መጠን መቆጣጠሪያ ተሽከርካሪም አላት። በተለመደው የግሉኮስ ቱቦ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ ካደረጋችሁት በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ይሄዳል፤ ቅድም ካሰላነው 150 ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አያችሁ? ማለት፣ ሰዓት እያዩ ጠብታ በመቁጠር ብቻ ኩላንቱን ልክ እንደ መድኃኒት መስጠት ይቻላል። ጠርሙሱን ከአፉ በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ሰቀልነው፤ አየር መግቢያም በስተላይ በሳንለት። ችግሩ አየሩ ሲዘጋ ጠብታው አይቆምም። አንድ ማታ ተሽከርካሪዋን ሳንዘጋ ሄደን ጠዋት ስንመለስ የሌዙ አልጋ ዝጎ ጠበቀን። የወርክሾፑ ቴክኒሻን የተናገሩንን እዚህ ላይ መጻፍ አይቻልም። ጠርሙሱን ከታች ማስቀመጥ ይህን ያስቀራል፤ አየሩ ሲቆም ፈሳሹም ይቆማል። ግን ያኔ ጠብታ መቁጠር አይቻልም፣ ስትከፍቱትም ፈሳሹ እስኪመጣ ቱሉ በደረቁ ይቆርጣል። እኔ ከላይ መስቀሉን መርጫለሁ፤ ከጓደኞቼ አንዱ እስካሁን አልተስማማም።

አንዳንዶች ደግሞ ጠርሙሱን ራሱን በአየር ግፊት ሞልተን ብንገፋውስ ይላሉ። በጭራሽ! የሃይላንድ ጠርሙስ የግፊት ዕቃ አይደለም፤ በፊታችሁ ሊፈነዳ ይችላል።

ስለ ከፍታችንም አንድ ነገር ልበል፤ በፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለደብረ ማርቆስ አልተጻፈምና። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፈን ነው ያለነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ 101 ኪሎ ፓስካል ከሆነ እዚህ 75 ገደማ ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ፈሳሹን ለመሳብ ይህ ችግር አይሆንም፤ ውሃን 30 ሳንቲ ሜትር ለማንሳት 3 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የሚቸገረው ኮምፕሬሰሩ ነው። በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ገንዳውን ለመሙላት ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል። እኔ እንዳሰላሁት 1.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የሚያህል የአየር ማለፊያ በ2 ባር በደቂቃ 70 ሊትር ያህል አየር ይበላል። ቀዳዳውን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ካሳደጋችሁት አራት እጥፍ ይሆንና ትንሹ ኮምፕሬሰር ሳያርፍ ውሎ ይግላል። የመዳቡን ቱቦ ጫፍ ጠበብ አድርጎ መቀጥቀጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ተከፍቶ ከተቀመጠ ድብልቅ ውሃው እየተነነ ዘይቱ ይበዛል፤ ሲሞላ በሳሳ ድብልቅ ይሞላ።

እዚህ ላይ ለፓምፕ ደጋፊዎች አንድ ነጥብ ልስጣቸው። የኩላንት ፓምፕ ከ100 ዋት ብዙም አይበላም፤ የእኛ ኮምፕሬሰር ግን 1.5 ኪሎ ዋት ነው። በመብራት ፍጆታ ብቻ ቢታይ ርጭት ይሸነፋል። መብራት ሲጠፋም ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ውጭ ፀሐይ ላይ ነን። ሆኖም ኮምፕሬሰሩ ለሌላ ሥራ እንደሆነ ተገዝቶ ተቀምጧል። አንዱ ብቻውን ከሁለት በላይ መርጫ መመገብ ባይችልም ሌዝ ላይ በአንድ ጊዜ የምንቆመው ስንቶቻችን ነን?

ፓምፑ ሌላም ጣጣ አለው፤ ማጠራቀሚያው። 30 እና 40 ሊትር ድብልቅ ቀድተን ለክረምት ወደየቤታችን እንሄዳለን። ስንመለስ ሽታው ከበር ይቀበለናል። ያ ሽታ ባክቴሪያ ነው፤ ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ሲቆም ይራባበታል። ፓምፑን ስንከፍት ያንኑ ነው በእጃችንና በፊታችን ላይ የምንረጨው። መርጫው ግን ጠዋት ግማሽ ሊትር በጥብጦ ማታ የተረፈውን የሚያስወግድ ነው። አንድ እጅ የመቁረጫ ዘይት በ20 እጅ ንጹሕ ውሃ፤ ሁልጊዜ ዘይቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ዘይቱ አይጨመርም፤ አለዚያ እንደ ተበላሸ እርጎ ይቋጠራል።

አሁን የፈራሁት ነገር ላይ ደረስኩ። መርጫችን የሠራ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። ደስታው ልክ አልነበረውም። አንዱ ግፊቱን 2 ባር አደረገው፣ ሌላው 4፣ ከዚያ 6። ከአፉ ነጭ ጉም ወጣ፤ በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ላይ ሲያበራ ያምራል። አጨበጨብን። ብርድ ስለነበር መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ ከጮቄ የሚመጣውን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሦስታችንም ማሳል ጀመርን። ማታ አፌ ውስጥ የዘይት ጣዕም ነበር። በማግስቱ ቁጭ ብዬ አሰላሁ።

ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክር፣ ሠራተኛ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ የመቁረጫ ፈሳሽ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ ከ0.5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። በዚያው ሀገር በሕግ የተቀመጠው የማዕድን ዘይት ብናኝ ገደብ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ግን የቆየ ነውና እኔ ጠበቅ ያለውን እወስዳለሁ። አሥር ሜትር በስምንት ሜትር፣ ቁመቱ አራት ሜትር የሆነ ወርክሾፕ 320 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ስለዚህ በክፍሉ ሁሉ ቢበተን የሚፈቀደው ጠቅላላ መጠን 160 ሚሊ ግራም ነው። ግራም አይደለም፤ ሚሊ ግራም! ከአንድ ግራም አንድ ስድስተኛ ገደማ።

አንድ መርጫ በሰከንድ በአንድ ጠብታ ስሌት በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ይረጫል፤ ከዚያ ውስጥ ዘይቱ 8 ግራም ያህል ነው። ከዚህ አንድ በመቶው ብቻ ሳያርፍ አየር ላይ ቢንሳፈፍና መስኮቱ ዝግ ቢሆን በሁለት ሰዓት ገደቡ ላይ እንደርሳለን። ስድስት ማሽን ላይ ብናስረው ደግሞ በ20 ደቂቃ። ግፊቱን 6 ባር አድርገን ጉም ስናደርገው የሚንሳፈፈው አንድ በመቶ ብቻ አይሆንም።

ትልቅ ጠብታ ይወድቃል፤ ቱሉ ላይ፣ ብረቱ ላይ፣ ቢበዛ ቱታችን ላይ። ከአምስት ማይክሮ ሜትር በታች የሆነው ግን አይወድቅም፤ አየር ላይ ይቆይና እስከ ሳንባ ጥግ ይገባል። እንዲህ ያለው ብናኝ አስምና የሳንባ ቁጣ እንደሚያመጣ በውጭ ሀገር ፋብሪካዎች በሠራተኞች ላይ ታይቷል። አፍን በጨርቅ መሸፈን ይህን አያቆምም። ስለዚህ የምንፈልገው ካፊያ ነው፤ በዓይን የሚታይ፣ ወደ ታች የሚሄድ፣ የሚያርፍ። እጃችሁን ከአፉ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ስትይዙት ነጠብጣቡ ቆዳችሁ ላይ ከተቆጠረ ካፊያ ነው። እጃችሁ ሳይረጥብ ክፍሉ ከጨሰ ጉም ነውና ዝጉት። እኛ ከብዙ ሙከራ በኋላ ከ1 እስከ 1.5 ባር ላይ ቆመናል። ግፊቱ ሲቀንስ ጠብታው ይተልቃል፤ ኮምፕሬሰሩም ያርፋል። አፉን ከሥራው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አስጠግተን፣ ከተማሪው ፊት ወደ ማሽኑ ጀርባ እንዲረጭ አዙረነዋል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነገርም መነሳት አለበት። በየጋራዡ ድሪል ላይ ይፈስሳል፤ ነፃ ነው ብለን። ያንን መርጫ ውስጥ ሊጨምር ያሰበ ተማሪ አውቃለሁ። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ በሙቀት የተፈጠሩ ካንሰር አምጪ ነገሮች አሉ፤ በአይጥ ቆዳ ላይ ተሞክሮ ታውቋል። በእንግሊዝ ሀገር በጥጥ ፈትል ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ወንዶች ከማሽኑ የሚረጨው የማዕድን ዘይት ሱሪያቸውን እያረጠበ በብልት አካባቢ ካንሰር ይይዛቸው እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት ሐኪሞች ጽፈዋል። ያ እንግዲህ ገና ያልተቃጠለ ዘይት ነው። ነጭ ጋዝም እንዲሁ ነው፤ አሉሚኒየም ለመቁረጥ በብሩሽ ሲቀቡት ጥሩ ይሠራል፣ በአየር ሲበተን ግን አንዲት ብልጭታ የምትጠብቅ እሳት ነው።

መርጫው የማይፈለግበት ቦታም አለ። ጥቁር ብረት፣ ማለትም ካስት አይረን፣ በደረቁ ይቆረጣል፤ ከውሃ ጋር ፍቅፋቂው ጭቃ ሆኖ አልጋውን ይበላዋል። ሚሊንግ ላይ የካርባይድ ኢንሰርት ከሆነ፣ ሲቆርጥ እየጋለ ሲወጣ በውሃ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፤ ለእሱ ደረቅ አየር ብቻ ይበቃዋል። ይህንን ሳናውቅ አንድ ኢንሰርት ሰባብረናል።

ሞክረነዋልን? አዎ፣ አንዴ። ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ ብረት፣ በደቂቃ 250 ዙር፣ ማለትም በደቂቃ 31 ሜትር ገደማ፣ በኤች.ኤስ.ኤስ። በደረቁ ስንሄድ ፍቅፋቂው ቶሎ ሰማያዊ ሆነ፣ ቱሉም ሳንጨርስ መሳል አስፈለገው። በካፊያ ስንሄድ ፍቅፋቂው ነጣ ብሎ ቀረ፤ ዘንጉን በዚያው ስለት ጨረስነው። አንድ ዘንግ ብቻ ስለነበረን ይህ ማስረጃ ነው ብዬ አልከራከርም። አሥር ዘንግ ይሰጠንና በሰዓት እየለካን እንድገመው።

የመጨረሻው ቅሬታዬ ስለ ኤግዚቢሽን ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ኮሌጆች ቴክኖሎጂ ቀድተው ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት እንዲያሸጋግሩ ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ በየዓመቱ ቀለም ተቀብቶ የሚቀርበው መውቂያና ማሽላ መፈልፈያ ከኤግዚቢሽኑ በኋላ የት ነው ያለው? ስቶር ውስጥ አቧራ ለብሶ። ለምን ቢባል የሠራነው ሰው እንዲያየው እንጂ ራሳችን እንድንጠቀምበት አይደለም። በየቀኑ የምንሠራበት ነገር ግን ጉድለቱ በሳምንት ውስጥ ይታወቃል፤ የእኛ መርጫ ካፒላሪ በፍቅፋቂ ብናኝ ሁለት ጊዜ ተደፍኖ ጨርቅ ማጣሪያ እንድናደርግለት ያስገደደን ስለተጠቀምንበት ነው። የከተማችን ቶርኖ ቤቶችም አይተው የሚወስዱት የሚሠራ ነገር ሲያዩ ነው። እኚያ ጋሼ አንዱን ለራሳቸው ሠርተዋል፤ ማንም አላሸጋገረላቸውም።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ አሁን የሚያዞረው ዘንግ ተለክቶ ውጤት ከተሰጠው በኋላ ወደ ቁራጭ ክምር ይጣላል። በእሱ ፋንታ ሦስት አፍ ያላትን ማገናኛ ቢሠራስ? ማዞር፣ መሰርሰር፣ ክር ማውጣትና ብየዳ ሁሉም አሉባት፤ ሲጨርስም የሚቆምበት ማሽን ላይ ትታሰራለች። ከዲፓርትመንቱ የምንጠይቀው የነሐስ ዘንግ፣ አንድ የግፊት መቆጣጠሪያና ግድግዳው ላይ የሚገጠም አየር ማስወጫ ፋን ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ትሰጡናላችሁ ከተባልን ፋኑን ስጡን። ፋኑ እስኪመጣ ድረስ መርጫውን በአንድ ማሽን ላይ ብቻ፣ መስኮት ተከፍቶ እንጠቀማለን፤ ብርዱን ጃኬት ለብሰን እንችለዋለን።

ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፕ ይምጣ፤ የራሱን ሊሠራ የሚፈልግ ሥዕሉን ከእኛ መቅዳት ይችላል። የግሉኮሱን ቱቦ ግን ከፋርማሲ አዲስ ግዙ፤ ከጤና ጣቢያ የተጣለ እንዳታመጡ። ጠርሙስ ጠፋ ብላችሁም የፀረ አረም መርጫ ዕቃ አትጠቀሙ፤ ምንም ያህል ቢታጠብ።